በጨዋታ ቀን ጀርባ ስለ ማዞር

ለሰሚው ሁሉ ይታወቅ፤ መምህርት ኔሪስ ሐሙስ ጠዋት ቋሊማ ልትገዛ ከቤቷ ወጣች። ሥጋ ቤቱ የእኔ ስለሆነ ቀጥሎ የሆነውን ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ሰምቻለሁ። የመንደራችን መዘምራን መሪ ጋሽ ኢድዋል ከእሷ ቀድመው ገብተው የበግ ጉበት እያስመዘኑ ነበር።

«ጋሽ ኢድዋል፣ እንደምን አደሩ?»

«ደኅና፣ ልጄ። ስለ ቀብሩ ከሆነ አይሆንም ብያለሁ።»

ቀብሩ የክሊፎርድ ነው። ክሊፎርድ እንግሊዛዊ ነበር፤ እዚህ ዌልስ፣ በእኛ ሸለቆ፣ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶልናል። በየዓመቱ ዌልስና እንግሊዝ በራግቢ ኳስ ጨዋታ ሲገናኙ መጠጥ ቤታችን ጥግ ላይ ቆሞ የእንግሊዝ ደጋፊዎችን ዘፈን ብቻውን ይዘፍን ነበር። እኛም ሁላችን ወደ ግድግዳው ዞረን ጀርባችንን እንሰጠዋለን። ቀልድ ነው እንል ነበር። አሁን ባለቤቱ ወይዘሮ ዶሪን ያንን ዘፈን ቅዳሜ በቀብሩ ላይ ዘምሩልኝ፣ ካልሆነ አስከሬኑን አገሩ እወስደዋለሁ ብለዋል።

«የእነሱ ዘፈን በእኛ ጸሎት ቤት!» አሉ ጋሽ ኢድዋል። «አያቴ በእንግሊዝኛ ፈንታ በገዛ ቋንቋዋ በመናገሯ ትምህርት ቤት ተገርፋለች፤ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የገረፏት ጋሽ ክሊፎርድ ናቸው?»

«እንዴት ይሆናል! መቼ ተወለደና!»

«ታዲያ ዕዳውን ለምን እሳቸው ይክፈሉ?»

«ማን ይክፈል? ሌላ እንግሊዛዊ እዚህ የለን!»

እኔ ጉበቱን ጠቀለልኩ።

ኔሪስ ግን አልተበገረችም። «ጋሼ፣ ተጫዋቾቹን አይተዋቸዋል? ጭቃ ለጭቃ ሲተራመሱ ይቆዩና ሲያበቃ በሁለት ረድፍ ቆመው ለባላጋራቸው ያጨበጭባሉ። ጎድኑ የተሰበረው ይቅር ሲል፣ ተቀምጦ ቢራ የጠጣው ቂም ይይዛል? ልጆቹም የሚማሩት ከእኛ ነው። ባለፈው ወር ትምህርት ቤታችን እንግዳ ቡድን መጥቶ፣ ኳሷን ሊመታ የቆመውን ልጅ የእኛዎቹ በፉጨት አስለቀሱት።»

«ፉጨት ደግሞ ማንን ገደለ?»

«ማንንም። አምና ጋሽ ክሊፎርድ ጨዋታውን የት ሆነው ተከታተሉ?»

«እቤቱ ነዋ። እግሬን አሞኛል ብሎ ቀረ።»

«እግራቸውን አላመማቸውም። ከመጠጥ ቤቱ ኋላ አውቶቡሳቸው ውስጥ ተቀምጠው በሬዲዮ ነው የሰሙት። ወይዘሮ ዶሪን ነገሩኝ። በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፍተውት ነበር አሉ፤ የእናንተ ድምፅ እንዲሰማቸው።»

ጋሽ ኢድዋል ቆባቸውን አወለቁ። ሥጋ ቤት ውስጥ ቆብ ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ሄደን አልጠየቅነውም» አሉ። «ከመካከላችን ሌላው ቢቀር ኖሮ በሩን እናንኳኳ ነበር።» ጉበቱን ተቀበሉኝ። «እሺ፣ እንዘምርለት። ግን ከመዘምራኑ ግጥሙን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።»

«አትሜ አመጣለሁ» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ባላጋራውን አክብሮ የሚደግፍ ሰው ቢሸነፍም ሰኞ ጎረቤቱን ዐይን ዐይኑን እያየ ሰላም ይላል። ልጁም ሰው ማስለቀስን እንደ ድል አይማርም። የቆየ በደል ካለም የሚጠየቅበት በዳዩ እንጂ ቅርብ የተገኘው አይደለም። ይህን ሁሉ ክሊፎርድ በሕይወት ሳለ ብናውቀው ደግ ነበር።

ቅዳሜ ጸሎት ቤቱ ሞላ። እኔም ከመዘምራኑ አንዱ ነኝና፣ ኔሪስ ግጥሙ የታተመበትን ወረቀት አድላ እስክትጨርስ እንድንጠብቅ ተነግሮን ነበር። ጋሽ ኢድዋል ግን እንባቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን ሲያነሡ፣ ጀምሩ ያሉን መስሎን ጀመርን። ወረቀቱ ገና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። በአራት ድምፅ ተከፋፍለን፣ አንድ ቃል ሳናዛንፍ ዘመርን፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅም ሁለተኛውን ቀጠልን።

ሁለተኛውን ክፍል ስታዲየም ውስጥ እንግሊዞቹ ራሳቸው አይዘፍኑትም። ኔሪስ ያተመችው ወረቀት ላይም አልነበረም። ሲዘፍነው የሰማነው ክሊፎርድን ብቻ ነው።

ወይዘሮ ዶሪን ከፊት ወንበር ወደ እኛ ዞረው አንድ በአንድ አዩን።