ስምንት ዓመት የሚጠብቅ ማሽን

ጋሽ መሸሻ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው መቆም አቅቷቸዋል። ለኮልፌዋ ዶሮ አርቢ ለፋሪዳ የሠሩላት የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ከትናንት ጀምሮ እንቁላሎቹን ማገላበጥ አቁሟል፤ ካልተገላበጡ ደግሞ ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ተጣብቀው ይሞታሉ። በስልክ «እስክመጣ እንዳትነኪው!» ብለው ጮኸውባታል።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለቻቸው ከኋላቸው የተሰለፈችው የሰፈራቸው ልጅ ራኬብ፤ ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው።

«ምን ደህና አለ ልጄ! ፋሪዳ የፈረንጁ ቀን ግራ ገባኝ ብላ የማሽኑን ቀን በእኛ አቆጣጠር አድርጋ የእንቁላል ማገላበጫውን አበላሸችው።»

«ማገላበጫው የማገላበጫ ሰዓቱ መድረሱን የሚያውቀው ከዚያው ቀን ነው?»

«ከየት ሊያውቅ ኖሯል?»

«እንግዲያስ አልተበላሸም። ቀኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ እሱም ስምንት ዓመቱ እስኪያልፍ እየጠበቀ ነው።»

ጋሽ መሸሻ ግን በገዛ እጃቸው ያልሠሩትን አለማመን የሠላሳ ዓመት ኩራታቸው ነውና በቀላሉ አልተረቱም።

«ሦስት ቦታ ነው ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም የጻፍኩት! ማገላበጫው የራሱ፣ ሙቀቱ የራሱ፣ እርጥበቱ የራሱ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። የእርስዎ ባላዎች ግን ሦስቱም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የተተከሉት። ሁሉም የሚያዩት ፋሪዳ የቀየረችውን ቀን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የጊዜን ሥራ ለስርዓተ ክወናው ላይብረሪ፣ ከማሽኑ ዋና ፕሮግራም ጋር ተሠርቶና ተፈትኖ ለሚመጣው ዝግጁ ኮድ፣ ይተዉለት። እዚያ ሁለት ቆጣሪ አለ። አንዱ ቀንና ሰዓት ይናገራል፣ ሰው እንዳሻው ያስተካክለዋል። ሌላው ማሽኑ ከበራ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ብቻ ይቆጥራል፣ እሱን ማንም ወደ ኋላ አይመልሰውም። ሦስቱም ፕሮግራሞች ይህን ሁለተኛውን ይጠይቁ። ስህተት ቢገኝ እንኳ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው፤ ፋሪዳም በፈለገችው አቆጣጠር ቀኗን ታያለች።»

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ፤ ጋሽ መሸሻ አልተንቀሳቀሱም። እውነት ሰልፍ ላይም ብትገኝ እውነት ናት። አፍረው ስልካቸውን አወጡ።

«ፋሪዳ፣ ክፈቺውና በእጅሽ አገላብጪያቸው። አዎ፣ ንኪው! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ከራኬብ ጋር መጥተን እናስተካክለዋለን፤ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር ተዪው።»

ፋሪዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ» አለች። «እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ በእጄ እያገላበጥኳቸው ነው። ፈርቼዎት ነው ያልነገርኩዎት።»

ጋሽ መሸሻ የሰልፉን ሰው ሁሉ ረስተው፣ «እሰይ! እንኳንም አልሰማሽኝ!» ብለው ጮኹ።