በደቻቱ ጉዳይ በጽሑፍ የጠየቁት የአቶ ጥሩሰው ማዘንጊያ ዜና ሕይወት

በሐዘናችን የተገኛችሁ ወገኖች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እስቲ እንባችሁን ዋጥ አድርጉና የአቶ ጥሩሰውን ነገር ከሥሩ ስሙ።

አቶ ጥሩሰው፣ ባቡሩን ተከትለው ከሸዋ ከወረዱት የሐዲድ ሠራተኛ ከአቶ ማዘንጊያ ክፍሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርካዲስ በ1914 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ፣ ፈረንሳይኛም ከፈረንጆች ትምህርት ቤት ቀስመው በባቡር ጣቢያው የጭነት ጸሐፊ ሆኑ፤ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውንማ ማን አስተማራቸው፣ ሰፈሩ ነው እንጂ። በዚያ ሥራቸው ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው፣ ወዳጅም ቢሆን፣ ይመልሱት ነበር፤ ይህች ልማድ ኋላ ምን እንደሠራች ትሰማላችሁ።

በ1940 ዓ.ም. ወይዘሮ ሸዋገነት ጉግሳን በሕግ አግብተው አለምብርሃንንና ክፍሉን ወለዱ። በነሐሴ 1951 ዓ.ም. ሦስተኛው ልጅ ምጥ ሲመጣ ወንዛችን ደቻቱ ሞላ። አዋላጇ ወይዘሮ ፋርቱን ከወንዙ ማዶ፣ አቶ ጥሩሰው ከወንዙ ወዲህ ቆመው ሲተያዩ ዋሉ፤ ውሃው ጎድሎ አዋላጇ ሲደርሱ ሕፃኑ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያቺ ነገር ከልባቸው ወጥታ አታውቅም።

በ1953 ዓ.ም. ሕዝቡ መርጧቸው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ፤ ገብተውም በሰፈራችን በኩል ድልድይ የማይሠራው ለምን እንደሆነ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠየቁ። በጠየቁ በሰባተኛው ወር፣ መሐንዲስ በቦታው ተገኝቶ አሸዋ እንጂ ወንዝ አላገኘም የሚል መልስ መጣ። ወይ ጉድ! ከተማው ሳቀባቸው። ጎረቤታቸው ግመል ነጂው ሰማታርም ቢሆን «አቶ ጥሩሰው፣ እኛ የመረጥንህ ለአሸዋ ድልድይ እንድትለምን ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደባቸው። ገሚሱ እጅ መንሻ ይዘው ደጅ እንዲጠኑ መከራቸው። እሳቸው ግን የተለመነ ነገር ተረስቶ ይቀራል፣ የተጠየቀ ነገር ግን መላሹን ያስረዋል ብለው እንቢ አሉ፤ ሁለተኛ ጥያቄም ጻፉ፤ እሱም አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ መሐንዲሱ የመጣው በየትኛው ወር ነው?

ይህችን ለመመለስ መሥሪያ ቤቱ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ «በጥር» ብሎ ፈርሞ ላከ። አቶ ጥሩሰው በጉባኤው መካከል ቆመው አነበቧት፤ በጥር ደቻቱ ደረቅ መሆኑን የሚያውቁት የቆላ እንደራሴዎች ሳቁ። መሐንዲሱም በሐምሌ ተመልሰው እንዲመጡ ተደረገ፤ መጥተውም ጎርፉ ስላገታቸው ያደሩት በሰማታር ቤት ነበር። እሱም እንጀራ እያቀረበ «ጌታዬ፣ አሸዋው ዛሬ ትንሽ ረጥቧል» ይላቸው ነበር አሉ። በ1957 ዓ.ም. ድልድዩ ቆመ። ሲመረቅም አቶ ጥሩሰው ወይዘሮ ሸዋገነትን ይዘው አንድ ጊዜ ተሻግረው ተመለሱ፣ በቃ።

ከዚያም በስኳር በሽታ ሲታመሙ፣ ሲታከሙ ቆይተው በትናንትናው ዕለት፣ ነሐሴ 9 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት ደቻቱ ሞልቶ ነበር። አስከሬናቸው በዚያው ድልድይ ላይ አለፈ፤ ማዶ ቆሞ የቀረ አንድም ለቀስተኛ የለም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን ሁሉ ጎረቤት ትተው ሄደዋል። አምላክ ሆይ፣ ለሌላው መሻገሪያ ሲጠይቁ የኖሩትን የእኚህን ሰው ነፍስ ሳታስጠብቅ አሻግርልን፤ ለቀሪዎቹም መጽናናትን ስጥልን። አሜን።