የቆየው ሻይ

ጦርነቱ ከወልድያ ሲያፈናቅለኝ መርሳ፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ተጠጋሁ። ሥጋ ከልጅነቴ ጀምሮ አልበላም፤ ደም ማነስ አለብኝ፤ የብረት ኪኒኔም አልቋል። የመጀመሪያው ቀን ሎሚ የተጨመቀበት ምስር በልተን እንደጨረስን ሻይ ሲቀዱልኝ አልጠጣም አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ። «ሥጋውስ ይሁን፤ ሻያችንንም ተጸየፍሽው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። «ኧረ እትዬ፣ ሐኪሙ ነው፤ ከምግብ ላይ ሻይ ከጠጣሽ ብረቱ ሰውነትሽ ውስጥ አይገባም ብሎኝ ነው። አንድ ሰዓት ቆይቼ እጠጣለሁ።» የባላቸውንና የልጆቻቸውንም ብርጭቆ ሰበሰቡ። «አብሽሪ፣ አብረን እንቆያለን» አሉኝ።

ጦርነቱ ጋብ ሲል ወልድያ ተመልሼ ስመረመር የደሜ መጠን ከፍ ብሏል። ደውዬ ነገርኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና፣ «እኛ እስካሁን እየቆየን ነበር፤ እንግዲያስ አሁን ምሳ በልተን ወዲያው ሻይ ብንጠጣ ምንም አትሆኚም?» አሉኝ።