ማተብ ያሰረው በግ

እትዬ ዘይቱናን የበደለቻቸው ጎረቤታቸው ሐጂራ ናት። በባላቸው በጀይላን የሙት ዓመት ሰደቃ ላይ፣ ሰዉ ማዕዱን ከቦ ገና መጉረስ ሲጀምር፣ ከታረደው በግ ቆዳ ጋር አጥር ላይ የተንጠለጠለውን ሰማያዊ ክር አንሥታ «ኧረ ጉድ! ይህ በግ እኮ ማተብ አለው! የክርስቲያን በግ ነው ያበሉን!» ብላ ጮኸች። በጉ የተገዛው ከደብረ ሲናው ከገብረሚካኤል ነው፤ እውነት ነው። ክሩም ከአንገቱ የተፈታ ነው፤ ይህም እውነት ነው። ያረደው ግን ሸህ አብዱልሃዲ ነበር፤ ወደ ቂብላ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ። ማን ይስማ? ሰዉ እጁን ሰብስቦ ተነሣ። ለጀይላን ዱዓ ሳይደረግለት ቀረ፤ ሥጋው የሮቢ ወንዝ ጅቦች ሲሳይ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ የሐጂራ ባል እህት ሙሀባ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ሐጂራ ራሷ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ ልብስ ታሰጣለች። እትዬ ዘይቱና ሁለቱንም አዩና ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«ግቢ ሙሀባዬ፣ ግቢ የኔ ልጅ። ደህና ዋልሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ማሽላውን ወፍ አልጨረሰውም? አልሐምዱሊላህ። ወንፊት ነው የፈለግሽው? ወንፊትማ አለኝ። እስላም ይሁን ክርስቲያን ግን ጠይቄው አላውቅም… ቁጭ በይ፣ ልፈልግልሽ።

ሙቀቱ ዘንድሮ አልባሰም? በዚያ ላይ የጣሊያን ካሚዮን ባለፈ ባገደመ ቁጥር አቧራውን ቤታችን ያራግፈዋል። ካሚዮን ስል ትዝ አለኝ… አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟን አልነግርሽም፤ ሐሜት ሐራም ነው። ለመልካም ነው የማነሣት።

ባሏ ሎሚ ለጣሊያን ያመላልሳል። መቼም ሰው ሎሚውን ለወደደው ይሸጣል፣ እኔ ምን አገባኝ? እሱ ነው ካሚዮን ላይ አሳፍሮ፣ ያን ጣርማ በር ላይ የቦረቦሩትን ዋሻ አሳልፎ አዲሳባ ያደረሳት። ገብታ ምን አለች መሰለሽ? ‹የፈረንጅ ምግብ ሳልበላ ከተማ አየሁ አልልም፤ ግን ሐላል ይሁን!› አየሽ አላህን መፍራት? እኔ ብሆን ረሃቡ ያሸንፈኝ ነበር። እሷ ግን የእስላም ምግብ ቤት በያለበት እያለ፣ ወጡ ከደጅ እየሸተታት፣ ‹ይህንንማ ሸዋ ሮቢትም እበላዋለሁ› እያለች አለፈችው። ሐላል መኮረኒ ፍለጋ! ለሐጅ የሄደ ሰው እንኳ እንዲያ ደክሞ ያውቃል? አንዱን ስትጠይቀው ይስቃል፤ ሌላው ፀሐይ የመታት መስሎት ውሃ ይሰጣታል። በስንት መከራ አንድ ቀይ ቆብ ያደረገ የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪ አገኘች። ‹ሐላል አለ ወይ?› ብትለው ራሱን ነቀነቀላት። ቋንቋውን ታውቃለች? አታውቅም። ራስ መነቅነቅ ግን መቼም ራስ መነቅነቅ ነው… ዝንብ ሲያርፍበትም ሰው ይነቀንቃል።

ገባች። ወጥ ሠሪው ፈረንጅ ነው፤ ፊቱ በርበሬ የተቀባ ይመስላል። አንገቱ ላይ መስቀል። አየችው እኮ! ራሷ ናት የነገረችን። ‹ጌጥ ነው› አለችን። ዕውቀት ማለት ይህ ነው፣ ሙሀባዬ። እኔ መሃይሟ፣ ከአሊፍ ያላለፍኩት፣ በሰው አንገት ላይ ያለው ጌጥ፣ በበግ አንገት ላይ ያለው ማተብ መሆኑን ማን ነግሮኝ?

ከዚያ ትል የመሰለ ረጅም ነገር አቀረቡላት፤ ላዩ ላይ የተፈጨ ሥጋ። በሹካ ስትወጋው ይሸሻል፤ አፏ ሲደርስ ግማሹ አገጯ ላይ ነው። ግን ጠየቀች! ሐቋን አልበላም፣ ‹ሥጋውን ማን አረደው?› ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ምን አደረገ? ሥጋው የወጣበትን ጣሳ አንሥቶ አሳያት። ልቧ አረፈላት። ለካ ጣሳም አራጅ ኖሯል… ወደ ቂብላ ዞሮ ነው የሚከፈተው ይሆን?

ነይ እስቲ፣ ጣሳው ያውልሽ ምሰሶው ሥር። ባዶ ጣሳዎቹን ለምና አምጥታ ለመንደሩ ሁሉ አደለች፤ ደግ ናት እኮ። ለእኔም ‹ከተማ ለማታየው› ብላ ሰጠችኝ። ሥዕሉን አዙረሽ እዪው፣ ግድ የለም፣ አይነክስም። ‹የፈረንጅ በግ ነው› አለችኝ፤ አመንኳት። ጸጉር የለውም? ፈረንጁም መላጣ ይበዛበታል። አፍንጫው ሙቀጫ ይመስላል? የአገራቸው በግ እንዲያ ይሆናል። ጅራቱ ግን… እንዲያ እንደ ቀለበት የተጠቀለለው… ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሙሀባዬ፤ ጅራት ግን እቆጥራለሁ። ያ በየዓመቱ ማሽላዬን እየፈነቀለ የሚያስለቅሰኝ አውሬ፣ የአክስቱ ልጅ ሥዕል ቢነሣ እንዲህ የሚመስል… አስተግፊሩላህ! ምን አፌን ያዘኝ? በግ ነው። በግ ነው አላለችም?

ምነው ፊትሽ ተለወጠ? አንቺም ደርሶሽ ነበር እንዴ? ውሃ ነው የምትጠጪበት? … ለሶላት ዉዱእም? አይ፣ በርቺ፣ በርቺ። የደግ ሰው ስጦታ ነው።

ዓይኗስ ብትዪ! ማሻአላህ በይ፣ በዓይን እንዳትበላ። ከአጥር ላይ የሰማያዊ ክር ነጠላ ለይታ ታያለች። ክሩን የገብረሚካኤል ሴት ልጅ ናት ያሰረችው፤ በጎቻቸው ከጎረቤት መንጋ ጋር ሲደባለቁ ለመለየት። እኔ ደግሞ የበግ እስላምነት ቢላው ላይ ይመስለኝ ነበር፣ የዋህ ነኝ። እስኪታረድማ በግ ምን ሃይማኖት አለው? ዳዊት ይደግማል? ለነገሩ ጿሚስ ጿሚ ነው፤ ሥጋ በአፉ ገብቶ አያውቅም፣ ቅቤም አይቀምስ። ይኼን ስታይ ይሆናላ የጠረጠረችው…

‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች› የሚሉ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። የእሷ በምን ያርራል? ጣሳ ውስጥ ተዘግቶ! ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ ላይኞቹ ደገኞች፤ እኛ እንግዲህ ጠጅም የለን፣ ብርሌም የለን፣ ነገሩ ብቻ ነው የቀረልን።

ለእኔስ ምንም አይደል፣ ልጄ። ስሜ ከዚህ በፊትም ተነሥቷል፣ ወድቋል። ጀይላን ነው የሚያንገበግበኝ። አንቺ ልጅ ሆነሽ ታስታውሺዋለሽ፤ መንገደኛ ሳያበላ ያሳለፈበት ቀን አለ? በሞተ በዓመቱ ከዚህ መንደር ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። ‹አላህ ይማረው› መባል። አፍ ይከፈት ነበር፤ ክር ዘጋው። ያን ማታ ጅቦቹ ሲጣሉበት ሰማሁ… እነሱስ ማተቡን አልጠየቁም።

ለማንኛውም ነገ ሰደቃውን እደግመዋለሁ። ለዱዓው ሰው ይምጣ አይምጣ፣ አላህ ያውቃል። እንኪ ወንፊቱን። የነገርኩሽን ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፤ በተለይ ዓይኗ እንዲህ ጥሩ የሆነ ሰው፣ ጆሮዋም ጥሩ ሊሆን ይችላል።»

ሙሀባ ወንፊቱን እዚያው ትታ ወጣች። ከአጥሩ ማዶም ልብሱ ሳይሰጣ ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ዘይቱና ከጓሮ የታረደውን በግ መንታ አወጡ። እሱም አንገቱ ላይ ያው ሰማያዊ ክር ነበረው፤ አልፈቱለትም። ጣሳውን በሚስማር በሱት፣ ጠጠር ጨመሩበት፣ በክሩ ላይ አሰሩና ሥዕሉን ወደ ውጭ አዞሩት። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በጉን እየሳቡ በመንደሩ መሐል ወደ ሸህ አብዱልሃዲ ቤት ገሰገሱ። ኳ! ኳ! ኳ! ሰው ከየደጁ ወጣ። በጉን አየ፤ ክሩን አየ፤ ከዚያ ጣሳውን አየ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የሥዕሉን ጅራት መረመረና ቀና ሲል ፊቱ አመድ ሆነ። ወዲያው ከየቤቱ ጣሳ ወደ ጉድባው ሲወረወር ይሰማ ጀመር። ጣሳውን የጣለ ሁሉ እጁን በአፈር እያሸ፣ በውሃ እየታጠበ፣ አንገቱን ደፍቶ ከእትዬ ዘይቱና ኋላ ተሰለፈ። ሙሀባም አለችበት።

ሐጂራ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ልትገባም ልትወጣም አቅቷታል። እትዬ ዘይቱና ቆሙ። በጉም ቆመ፤ ጣሳው አንድ ጊዜ ኳ ብሎ ዝም አለ። ሁለቱን እጃቸውን ዘረጉና፣ ማር በሆነ ድምፅ እንዲህ ብለው መረቋት፦

«ለሰደቃዬ ቀድመሽ የተጠራሽ አንቺ ነሽ፣ የኔ እናት። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጤናሽን ይስጥሽ። በቂያማ ቀን ሰው ሁሉ ሲደነግጥ አንቺ አትደንግጪ። እኔ ከዚህ በጌ ጋር እቆማለሁ፣ ከነክሩ። አንቺንም አላህ ብቻሽን አይተውሽ፤ አዲሳባ የበላሽውን አንድም ሳያጎድል፣ ከነነፍሱ፣ ከነጅራቱ አስነሥቶ ከጎንሽ ያቁምልሽ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በገዛ ድምፁ ይመስክርልሽ።»

ለጀይላን አፉን የዘጋው መንደር በአንድ ቃል «አሚን!» አለ።