ልብስ ሰፊው የቴኒስ ተጫዋች ሲመርጥ

ልብስ ሰፊው በዓለም ላይ ያለው ነገር ሁሉ በሜትር ይለካል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያባረራት ወጣት ከሱቁ በራፍ ተጠለለች። ትከሻዋ ላይ ራኬት አንጠልጥላ ስላየ የስፌት መኪናውን ትቶ ተነሣ።

«የቴኒስ አሠልጣኟ እርስዎ ነዎት? እግዜር ነው ያመጣዎት! ነገ ልጄን ላስመዘግብ ነበር።»

«አንቱ አይበሉኝ አባባ፣ ልጅዎ እሆናለሁ። የቀረን ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው።»

«አንድ ይበቃል። ሎጋዬ፣ ነይማ!»

ትልቋ ልጁ ከጓዳ ወጣች፤ የበሩን መቃን ላለመምታት አንገቷን ሰበር አድርጋ። አባት ሜትሩን ዘረጋ።

«ቁመት፣ አንድ ሜትር ከሰባ አራት። ክንድ፣ ሰባ ሁለት። ይህች እኮ ዝም ብላ ብትቆም ግማሹን ሜዳ ትሸፍነዋለች!»

ሎጋዋ ሬት እንደ ቀመሰ ሰው ፊቷን አጨማደደች።

«እሷስ ጨዋታውን ትወደዋለች?» አለች አሠልጣኟ።

«መውደድ ምን ሊሠራ? እኔስ መርፌን ወድጄ ነው የያዝኩት?»

ከጓሮ ጧ! ጧ! የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አሠልጣኟ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«እሱን ተይው» አለ አባት። «ታናሿ ናት፣ ድንቢጥ እንላታለን። ግድግዳዬን ስትደበድብ ቀለሙን ጨረሰችው። ከጠረጴዛዬ በላይ እንኳ አትታይም!»

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጡ። ድንቢጥ ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ሰሌዳ ይዛ አሮጌ ኳስ ከግድግዳው ጋር ታጋጫለች።

«እግሯን ይመልከቱልኝ፤ ኳሷ ሳትመለስ ቀድማ ቦታዋን ይዛለች» አለች አሠልጣኟ።

«እግር ምን ይመታል? የሚመታው ክንድ ነው!»

«እሺ አባባ፣ ረጅም ቀሚስ ሁሉ ጥሩ ስፌት ነው?»

«ስፌት በርዝመት? የትኛው መሃይም ነው እንዲህ ያለው!»

ምን እንደ ተናገረ የገባው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ይሁንና ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና «ይፈተኑ!» አለ።

አሠልጣኟ ለሎጋዋ አሥር ኳስ ወረወረችላት። ልጅቱ ዘጠኙን ጎንበስ እያለች አሳለፈች፤ አሥረኛዋ ኳስ ግን ራሷ መጥታ ራኬቱን መታችው። ድንቢጥም ተራዋ ሲደርስ ሦስቱን በተከታታይ ሳተች።

«ይኸው!» ብሎ አጨበጨበ አባት።

«መሳትማ ሁሉም ይስታል። ከሳተች በኋላ የምታደርገውን ነው የማየው» አለች አሠልጣኟ።

ድንቢጥ በሳተች ቁጥር ማንም ሳይነግራት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ትል ነበር። አራተኛዋን መታች። ኳሷ ባባቷ ጆሮ ሥር አፏጭታ አልፋ ዝናብ ላይ የተረሳ ሱሪ ከገመድ ላይ አወረደች።

ልብስ ሰፊው ጆሮውን ዳሰሰ፤ በቦታው አለ። «ዓይን ካላየበት ግንባር ነው ማለት እኔን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የሎጋዋ ነገርስ? ከንቱ ልትቀር ነው?»

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ሎጋዋ መኪናው ላይ ተቀምጣ የአሠልጣኟን የተተረተረ የራኬት ማኅደር እየሰፋች ነበር። አባት አገላብጦ አየው፤ ስፌቱ የት እንደ ጀመረ ማግኘት አቃተው።

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎን እያየሁ ነዋ፣ አባዬ። አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ልትነሣ ስትል ልብስ ሰፊው በእጁ መለሳት፤ ወንበሩንም ለልጁ ለቀቀላት።

በማግስቱ ድንቢጥ ተመዘገበች። በመጀመሪያው ውድድር ተሸነፈች፤ በሦስተኛው ግን በቁመት አንድ ራስ የምትበልጣትን ልጅ አሸንፋ ወጣች። ሎጋዋም የሱቁን ግማሽ ሥራ ያዘች፤ አባቷም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳውን ቁጭ ብሎ መብላት ጀመረ። አንድ ቀን ጎረቤቱ ሥጋ ሻጭ «ልጄ እንደኔ ደንዳና ነው፣ ቴኒስ ላስገባው?» ብሎ ቢያማክረው፣ ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳያይህ ተደብቀህ እየው። ማንም ሳያዘው ደጋግሞ የሚሠራው ነገር ምን እንደሆነ ካወቅህ በኋላ ና፤ ያኔ እንነጋገራለን።»