ፊቷ ያልተቀረጸ ሴት

ክቡራትና ክቡራን፣ እንዲህ ብዬ ስጀምር ወንድይራድ እንደሚስቅ አውቅ ነበር። ሳቅ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሱፐርቫይዘሬ አይደለህም።

ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ውላችሁ፣ ዩኒፎርማችሁን እንኳ ሳትቀይሩ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን ላዘጋጀችው ለአበዛሽ የተለየ ምስጋና አለኝ። የምነግራችሁም በይበልጥ እሷን ይመለከታል።

አሥራ አራት ዓመት የሙዚየም ጋርድ ሆኜ አብዛኛውን የቆምኩት የሮማውያኑ ክፍል ውስጥ ነው። ያለው የመቃብር ሐውልትና የድንጋይ የሬሳ ሣጥን ነው። አንዱ ሣጥን ላይ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀርጸዋል። የባልየው ጢም ሳይቀር ተሠርቷል። የሚስቲቱም ልብስ፣ ጣቶቿ፣ ቀለበቷ አለ፤ ፊቷ ግን ሻካራ ድንጋይ ነው።

ሰው የሰበረው መስሎኝ ነበር። የነገረችኝ አስጎብኚያችን ሳሌም ናት።

«ኖ፣ ጋሽ መንገሻ፣ አልተሰበረም። ሣጥኑን ሬዲ አድርገው ይሸጡታል፤ ፌሱን የሚሠሩት በኋላ ነው፣ ገዢው ሲታወቅ።»

«ታዲያ ይቺ?»

«አይ ዶንት ኖ። ተመልሶ ያሠራላት ሰው የለም መሰለኝ።»

ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ጸዳለ ባረፈች በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ድንጋይ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ስቆምም ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ለምን?

እውነቱን ልናገር። ጸዳለ የተቀበረችው እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ነው። አርባዋን አወጣሁ፣ ሰማንያዋን አወጣሁ፤ ድንጋይ ግን አላቆምኩላትም። ጠራቢው «ለእሷ ብቻ ነው ወይስ ለሁለታችሁ?» ሲለኝ፣ የእኔንም ስም ጽፎ የምሞትበትን ቀን ብቻ ክፍት ሊተወው መሆኑ አስደነገጠኝ። «ተመልሼ እመጣለሁ» አልኩት። አልተመለስኩም።

አበዛሽ ያኔ «የቅዳሜ ሺፍትዎን እኔ እሠራልዎታለሁ፤ እርስዎ መቃብሯ ጋ ይሂዱ» አለችኝ። ሄድኩ። ምልክት የሌለው ሣር ላይ ቆሜ ስድስት ወር አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። አንድ ቅዳሜ ስደርስ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ድንጋይ ቆሟል። የማላውቀው ሰው ስም ተጽፎበታል።

ስድስት ወር የሌላ ሰው መቃብር ላይ ሳለቅስ ነበር! ጸሎቱስ ይሁን፣ እግዚአብሔር አድራሻ አይሳሳትም። እኔ ግን የመቃብሩ ቢሮ ገብቼ «ሚስቴን የት ነው የቀበርኳት?» ብዬ እንዴት ልጠይቅ? ምን ዓይነት ባል ነው እንዲህ የሚጠይቅ? ከዚያ ወዲህ የግቢው በር ጋ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ ሳልወርድ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ፣ ወደ ቤቴ ወደ ስካይላይን እመለስ ነበር። ስድስት ዓመት። አበዛሽ፣ ሰኞ ስንገናኝ «መቃብሯ ጋ ደረሱ?» ትይኛለሽ፤ «ደረስኩ» እላለሁ። ልጆችሽን ትተሽ የሠራሽልኝ ቅዳሜ እዚያ በር ላይ ነው ያለቀው። ይቅር በይኝ።

ባለፈው ወር፣ ጎብኚ ሳይገባ፣ የዚያች ሴት ፊት ላይ እጄን አሳረፍኩ። አሥራ አራት ዓመት «አትንኩ» ስል የኖርኩ ሰውዬ! ወዲያው ወንድይራድ በሬዲዮ መጣ፦ «ጋሽ መንገሻ፣ ካሜራው እያየዎት ነው። ስቴፕ ባክ ፕሊስ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደህና ነዎት ግን?» አለኝ።

ደህና አልነበርኩም። የጸዳለን ፊት ላስታውስ ስሞክር የመጣልኝ ያ ሻካራ ድንጋይ ነበር።

በማግስቱ የመቃብሩ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛዋ ስሟን ኮምፒውተር ላይ ፈልጋ፣ ካርታ ላይ ምልክት አድርጋ ሰጠችኝ። «ብዙ ሰው ይጠፋበታል» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ይሆናል። ስጸልይበት ከነበረው ቦታ ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ ነው። ሁለት ረድፍ! ተንበርክኬ ስሟን ጠራሁ። ፊቷ ግን እስካሁን ሙሉ ሆኖ አልተመለሰልኝም።

ድንጋዩን አዝዣለሁ፤ ለሁለታችን። የፊታችን ቅዳሜ ይቆማል። አበዛሽ፣ ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል። ስሜን እዚያ ስታዪ እንዳትደነግጪ።

ውለታችሁን የምከፍልበት የለኝም፤ እሱ ይክፈልልኝ። ቆሞ የሚውለውን እግራችሁን ያጽናላችሁ። ልጆቻችሁ በልተው ያመሰገኑ፣ ወላጅ የጠየቁ ይሁኑላችሁ። በሕይወትም ሳላችሁ፣ ካለፋችሁም በኋላ፣ የት እንዳላችሁ የሚያውቅ ሰው አያሳጣችሁ።