ሸራ የለበሰች ጀልባ

— ሄሎ!… አቤት፣ ስሜነህ ነኝ። ማን ልበል?… ኧረ ፈረደ! ምነው ቁጥርህ ተቀየረብኝ?… የኪዳን ስልክ ነው? እሺ፣ እሺ። እንዴት ነው ሽንፋ? አምባዛው እየተያዘ ነው?… ምን?… ቆይ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ፣ አልሰማህም። እማዬ፣ እስቲ ያንን ሬዲዮ ቀንሽልኝ!… አዎ፣ አሁን ንገረኝ።

— ወንዙ ሞላ… እሺ… ማን? ሚስትህ ስርጉት?… ወየው ጉዴ! በምን ተሻግራ?… ጠዋት በእግሯ፣ ለአራሚዎቹ ምሳ ይዛ… ከዚያስ?… ላይኛው አገር ዘንቦ ደራሹ ድንገት ወረደ። አሁን የት ናቸው?… ኩይሳው ላይ። እሷና ሦስት ሳሉጎች፣ አራሚዎቹ። ውኃው የት ደርሷል?… ኩይሳውን ከቦታል?

— ታዲያ ጀልባ እያለህ ምን ቆመህ ትደውላለህ?… ስንት ሰው ትችላለች? ስድስት ብዬህ የለ እንዴ! አንተና አራት፣ አምስት ናችሁ። ከመኪና ላይ ሁለት ሆነን በትከሻ ያወረድናትን ረሳኸው? ላባ ናት እኮ። ግባና…

— ምን አልክ?… ወለሏ ምን ሆነ?… ሲረግጡት ይሰረጉዳል? የት ጋ?… ከሞተሩ ሥር።

— አለሁ። አለሁ፣ ፈረደ፣ አልተቋረጠም።

— መቼ ጀመራት?… ሰኔ? ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?… የቀላል ጀልባ ጠባይ መሰለህ። እህ… አልፈርድብህም። ቀላል ናት፣ ቀላል ናት እያልኩ ያስለመድኩህ እኔ ነኝ።

— ስማኝ፣ ገና አትግባ… አውቃለሁ! ስርጉት ማዶ እንዳለች አውቃለሁ! አንድ ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ኪስህ ውስጥ ሳንቲም አለ?… ሳንቲም፣ አዎ፣ ባለ አንድ ብሩ። ስልኩን ከጀልባዋ ጎን አስጠጋና በሳንቲሙ ፊቷን መታ መታ አድርግልኝ።

— … እሺ። ቀጭ ቀጭ ይላል። ጠጣር ነው። ወደ መሀሏ ና… እሱም ደህና ነው። አሁን ወደ ሞተሩ… እንደገና… አንድ ጊዜ እንደገና፣ ጠንከር አድርገህ።

— እማዬ፣ በሞቴ ዝም በይልኝ።

— ሰማሁት። ዱፍ ዱፍ ይላል። አንተም ሰማኸው አይደል?… ምን ማለት መሰለህ… ፈረደ፣ ምንም አይደለም ልልህ ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ለቋል ማለት ነው። ይቺ ጀልባ ሦስት ድርብ ፋይበር ናት፣ ሌላ ነገር የላትም። እንደ እንጨት ውፍረት የላትም። ጉልበቷ ሦስቱ ተጣብቀው አንድ አካል መሆናቸው ነው። ኋላዋ ላይ ሦስተኛው ከሁለተኛው ለቆ በመሀል ውኃ ገብቶበታል። ሞተሩን ብታስነሳው እያንዘፈዘፈ እንደ ሽንኩርት ይልጣታል።

— በምን አትበለኝ አሁን… እሺ፣ ልንገርህ፣ መስማት አለብህ። በሸራ ነው። ኅዳር ላይ ሁለተኛውን ድርብ ለጥፌ እንደጨረስኩ ሚካኤል ገባ። በበዓል ሥራ አልነካም ብዬ ተውኳት። እማዬ አቧራ እንዳይበላት ብላ በሰሊጥ ሸራ ሸፈነቻት። ሰሊጥ የሚራገፍበት፣ ስንት ዓመት ሲረገጥበት የኖረ፣ ቅባቱን የጠጣ ሸራ… አይ፣ እሷን አትበል! እሷን አትንካ። ደግ ያደረገች መስሏት ነው። እኔ ነኝ ሙያውን የማውቀው። በማግስቱ ሸራውን ስገልጠው ላይዋ ወዝቶ አየሁት፣ በዓይኔ። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ ነበረብኝ። የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንተ በየቀኑ ትደውላለህ፣ ማጣበቂያው ሬዚን ደግሞ በዚያ ሙቀት ቆርቆሮው ውስጥ እየረጋብኝ ነው… በእጅጌዬ ጠረግኩና ለጠፍኩበት። አዎ። በእጅጌዬ።

— ስደበኝ። የፈለግኸውን በለኝ፣ ግን ኋላ ይሁን፣ ወንድሜ።

— እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም አልኩ እኮ! ተቀመጪ… ምነው፣ አታልቅሺ እንጂ… ሄሎ?

— ሄሎ! ትሰማኛለህ?… ሌላ ታንኳ በአቅራቢያው የለም? የሷሊህ ታንኳስ?… ትናንት ደራሹ ወሰደው። በዋና?… አይሆንም! እንዲህ ሲሞላ አንበሳም አይሻገረው። እሺ። እንግዲያው በእሷው ነው። የምልህን ብቻ አድርግ፣ አንዱንም እንዳታስቀር።

— ሞተሩን ፍታና አውርደው። በመቅዘፊያ ነው የምትሄደው። ሸራ አላችሁ?… የዳሱ ሸራ! አፍርሱት! ከኋላዋ ከሥር አሳልፉና እስከ መሀሏ ጠቅልሏት፣ ከዚያ ሦስት ቦታ በገመድ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩ። ውኃው ራሱ እየገፋ ያጣብቀዋል… አዎ፣ ሸራ ነው ያልኩህ። እኔንም ገርሞኛል፣ ተወው።

— ኋላዋ ላይ ማንም አይቀመጥ። ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ጫን። ረጅሙን ገመድ ፊቷ ላይ እሰርና ጫፉን ለኪዳን ስጠው። ስርጉት ዋና ትችላለች?… አትችልም። ባዶ ጄሪካን ውሰድላት፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ። ትታቀፈው።

— ምን?… እኔ እንጃ፣ ፈረደ። ትይዛለች ብዬ አልምልልህም። ከእንግዲህ አልምልም። ሂድ፣ እግዜር ይከተልህ። ስልኩን ለኪዳን ስጠው፣ እንዳይዘጋው።

— ኪዳን? አዎ፣ እኔ ነኝ። ገመዱን ወገብህ ላይ እንዳታስረው፣ ዛፍ ላይ አዙረው… ገባ?… የት ደረሰ?… ወደ ታች ወሰደው?… እሺ… አሁንስ?… ቀጥ አለ። ጎበዝ።

— ሄሎ? ኪዳን? ሄሎ!… ኔትወርክ ነው፣ እማዬ። ኔትወርክ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም… ሄሎ! ኧረ በእናትህ አትጥፋብኝ!

— እ? መጣህ? ንገረኝ… ተመለሱ? ስንት ናቸው?… ሁለት ሳሉጎች። እሷስ?… እምቢ አለች? ምን ብላ?… «የሰው አገር ልጆች ናቸው፣ እነሱ ይቅደሙ»። ስርጉት ናታ! መቼስ ምን ይደረጋል። ጀልባዋ ስንት ጣት ውኃ ይዛለች?… አራት? ድፉት! በሳህንም በጫማም ድፉት! ሸራው አልተንቀሳቀሰም?… እሺ። ይሂድ። ቶሎ ይሂድ።

— …

— አትጠይቂኝ፣ እማዬ። አላይ እኔ። ከሸሕዲ ሆኜ ሽንፋ አይታየኝ።

— አለሁ፣ ኪዳን። ተሳፈሩ?… እሷ ፊት፣ ሦስተኛው ሳሉግ መሀል። ጥሩ። ሳትጎትት ገመዱን ብቻ ሰብስብ… ምን?… ሸራው ምን ሆነ?… ጉቶ ያዘው? ሳብ! ኪዳን፣ ስልኩን ተወውና ሳብ! ሳሉጎቹን አስይዛቸው! ሳቡ!

— ኪዳን?… የምን ጩኸት ነው?… ኪዳን! አንድ ሰው ያናግረኝ እንጂ!

— …

— አቤት! አቤት!… ወጡ? ሦስቱም?… ስርጉትም? ጄሪካኑን እንዳቀፈች… እህህ… ተመስገን። ተመስገን አንተ። እማዬ፣ ወጡ። ሁሉም ወጡ። ተነሺ ከመሬቱ።

— ጀልባዋስ?… ኋላዋ ተገንጥሎ ሄደ። ይሂድ… አይ፣ ቆይ። የቀረውን እንዳትለቁት። ጎትታችሁ አውጡት። በመጀመሪያው መኪና ጫንልኝ፣ የሱቄ በር ላይ እሰቅለዋለሁ። ጀልባ ላሠራ ብሎ የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ እሱን ይይ። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲያ ከወደደ ያሠራ።

— ፈረደን ስጠኝ… ማናገር አይፈልግም። እሺ። እውነቱን ነው። ይረፍ… ማን?… ስርጉት ፈልጋኝ ነው?… ስጣት።

— ስርጉት… እንኳን እግዜር አወጣሽ… አዎ… አዎ፣ ነግሬዋለሁ፣ ሁሉንም… የቱ ቀን?… ጀልባዋን ልትወስዱ የመጣችሁ ዕለት። አስታውሳለሁ እንጂ። ጎኗን በጣትሽ እየነካካሽ «ይቺ እንደ ቅል የሳሳች ነገር ባሌን ትይዝልኛለች ወይ?» አልሽኝ… አዎ። በሚካኤል ብዬ ማልኩልሽ። አንቺ እኮ ጀልባዋን ትተሽ ዓይን ዓይኔን ነበር የምታይኝ።

— ያኔ?… አሁን እኮ በርዶሻል፣ ስርጉት፣ መጀመሪያ ልብስሽን…

— እሺ። እሺ፣ እመልስልሻለሁ። አዎ። ስምልልሽም አውቅ ነበር።

— ሄሎ?… ስርጉት?… ሄሎ?

— አይ፣ እማዬ። ኔትወርክ አይደለም። ዘጋችብኝ።